ዘግይቶ ወደ አብራሪነት መግባት፦ የዕድሜ፣ የቤተሰብና የቀድሞ ሙያ ዋጋ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በሌላ ሙያ ከተመረቁ ወይም ለዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ በሃያዎቹ መጨረሻና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ወደ ሙያዊ አብራሪነት የሚገቡ ሰዎች የሚከፍሉትን ግላዊ ዋጋ ያብራራል። በመነሻነት የተወሰዱት ዓለም አቀፍ የፈቃድ አሰጣጥ ደንቦች፣ በሕዝብ ዘንድ የታወቁ የአብራሪዎች የሕይወት ታሪኮችና ቀላል የዕድሜ ስሌት ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው ዋናው ወጪ የሥልጠና ክፍያ ሳይሆን ከሙያ ዘመኑ መጨረሻ ላይ የሚቆረጡት ዓመታት ናቸው፤ የዚህም ወጪ ሰፊ ድርሻ በሠልጣኙ ላይ ሳይሆን በቤተሰቡ ላይ ያርፋል የሚል ነው።

1. መግቢያ

በባሕር ዳር የተወለደ ወይም የተማረ ሰው አውሮፕላን ለዓይኑ እንግዳ አይደለም። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡት አውሮፕላኖች በጣና ሐይቅና በከተማዋ አናት ላይ በየዕለቱ ይታያሉ። በ1955 ዓ.ም. በተመሠረተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ግቢ ውስጥ የምሕንድስና ትምህርት የተከታተሉ ትውልዶችም የሚያዩትን ማሽን የአሠራር ሕግ ከክፍል ውስጥ ያውቁታል። ሆኖም አብራሪነትን እንደሚቻል ሙያ አድርጎ ማሰብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከምረቃ በኋላ ነው። ተማሪው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ወደ አንድ የትምህርት ክፍል ይመደባል፤ ይመረቃል፤ ሥራ ይጀምራል፤ ወንድምና እኅት ማስተማር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሠልጣኝ አብራሪ ማስታወቂያ ቆም ብሎ የሚያነበው።

ስለ አብራሪነት በተለምዶ የሚነገረው ስለ ድፍረት፣ ስለ ደንብ ልብስና ስለ ደመወዝ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ ሃያ ስምንት ወይም ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ዲግሪና ኃላፊነት ያለው ሰው ይህን መንገድ ሲመርጥ ምን ይተዋል? የሚተወውንስ ማን ይሸከምለታል? ጥያቄው በዚህ ዩኒቨርሲቲ ያሉ በርካታ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚገኙበትን ዕድሜ የሚነካ በመሆኑ፣ መልሱ በስሜት ሳይሆን በስሌት ቢፈተሽ ይበጃል።

2. ደንቡ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) የፈቃድ አሰጣጥ መሥፈርት ዝቅተኛውን ዕድሜ ይወስናል። ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 18 ዓመት፣ ለአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪነት ፈቃድ 21 ዓመት ነው። ሥልጠና ለመጀመር ግን የላይ ጣሪያ አያስቀምጥም። በሌላው የዕድሜ ጫፍ፣ ሁለት አብራሪዎች በሚያበሩት ዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪ 65 ዓመት ሲሞላው ማቆም አለበት። ይህ ገደብ እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ ለዋና አብራሪዎች 60 ዓመት ነበር።

ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ሰው «ዘግይተሃል» የሚለው ዓለም አቀፉ ደንብ አይደለም፤ የቀጣሪው ስሌት ነው። አየር መንገዶች በራሳቸው ወጪ ለሚያሠለጥኗቸው እጩዎች የዕድሜ ጣሪያ የሚያወጡት፣ ለሥልጠናው የወጣው ገንዘብ በረጅም የአገልግሎት ዘመን እንዲመለስ ስለሚፈልጉ ነው። ልዩነቱ መታወቅ አለበት፤ ደንቡ የከለከለውን ማንም ሊፈቅድ አይችልም፣ ቀጣሪ የከለከለው ግን በሌላ በር፣ ማለትም በግል ክፍያ በሚሰጥ ሥልጠና፣ ሊሞከር ይችላል። የሁለተኛው በር ዋጋ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

ክብደቱ የሚመጣው ከበረራ ሰዓት ነው። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት በመሥፈርቱ መሠረት 200 የበረራ ሰዓት፣ በጸደቀ የሥልጠና መርሐ ግብር ውስጥ ከሆነ 150 ሰዓት ያስፈልጋል። የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪነት ፈቃድ ግን 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። በአየር መንገድ ተመልምሎ የሠለጠነ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው በረዳት አብራሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ነው። በግሉ የሠለጠነ ሰው ግን 200 ሰዓት ይዞ ቀጣሪ ፍለጋ ይወጣል፤ ካላገኘም ተጨማሪ ሰዓት በገንዘቡ ይገዛል፣ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፣ አለዚያም ፈቃዱን በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። የዕድሜ ጣሪያ ያለፈበት ሰው ብዙ ጊዜ ሊገባበት የሚችለው ይኸው ሁለተኛው በር ብቻ መሆኑ የችግሩ እምብርት ነው።

3. ከመጨረሻው የሚቆረጡ ዓመታት

የዕድሜን ዋጋ ለማየት ሁለት ምናባዊ ሠልጣኞችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው በ22፣ ሁለተኛው በ34 ዓመቱ ሥልጠና ይጀምራል። ሥልጠናው ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያም እያንዳንዳቸው ስምንት ዓመት በረዳት አብራሪነት ይሠራሉ እንበል። የመጀመሪያው በ32፣ ሁለተኛው በ44 ዓመቱ ዋና አብራሪ ይሆናል። በአገራችን የተለመደው የጡረታ ዕድሜ 60 ስለሆነ የመጀመሪያው 28፣ ሁለተኛው 16 ዓመት በዋና አብራሪነት ይሠራል። ዓለም አቀፉን የ65 ዓመት ጣሪያ ብንወስድ ቍጥሮቹ 33 እና 21 ይሆናሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 12 ዓመት ነው። ነገር ግን ይህ 12 ዓመት ከየት እንደሚቆረጥ መመልከት ይገባል። ሁለቱም ሥልጠናውንና የረዳት አብራሪነቱን ዘመን እኩል ያሳልፋሉ፤ ዝቅተኛ ክፍያና ከፍተኛ ድካም ካለበት ክፍል አንድም ቀን አይቀነስም። የሚቀነሰው ልምድ፣ ሥልጣንና የተሻለ ገቢ ከሚገኝበት ከመጨረሻው ክፍል ነው። በ60 ዓመት ስሌት ሁለተኛው ሠልጣኝ ከዋና አብራሪነት ዘመኑ ከአርባ በመቶ በላይ ያጣል። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ወጪውን ሙሉ ከፍሎ ፍሬውን በከፊል ይለቅማል ማለት ነው።

ስምንት ዓመት የሚለው ግምት ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አብራሪ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የባሕር ዳር ተወላጅ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ አጥንተው ከተመረቁ በኋላ ወደ አብራሪነት ሥልጠና ገቡ፤ በ1995 ዓ.ም. ሥልጠናቸውን አጠናቀቁ፤ ለስምንት ዓመታት ያህል በረዳት አብራሪነት ካገለገሉ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ዋና አብራሪ ሆኑ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ በሴት ባለሙያዎች የተከናወነውን የአዲስ አበባ–ባንኮክ በረራ የመሩትም እርሳቸው ናቸው። ይህ ታሪክ በተለምዶ የሚነገረው እንደ ድል ነው፤ ድልም ነው። ለርእሰ ጉዳያችን የሚጠቅመው ግን በመካከሉ ያለው ረጅም ጊዜ ነው። ረጅም ዓመታት የሚጠይቀውን የሥነ ሕንፃ ትምህርት ጨርሶ እንደ ጀማሪ እንደገና መቀመጥና ከዚያም ስምንት ዓመት በቀኝ ወንበር መጠበቅ፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ለጀመረ ሰው እንኳ እስከ ሠላሳዎቹ ይወስዳል። በሠላሳዎቹ አጋማሽ ለሚጀምር ሰው ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

4. የተተወው ሙያና የቤተሰብ ዕዳ

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች አንድን ነገር ለማግኘት የተተወውን ሌላ ጥቅም የአማራጭ ዋጋ ይሉታል። ዘግይቶ ለሚጀምር ሠልጣኝ የአማራጭ ዋጋው የሥልጠናው ሁለት ዓመት ደመወዝ ብቻ አይደለም። መሐንዲስ ከሆነ በሙያው ያካበተው የሥራ ልምድ፣ መምህር ከሆነ የማዕረግ ዕድገቱ፣ ነጋዴ ከሆነ ደንበኞቹ አብረው ይቀዘቅዛሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ልመለስ ቢል የሚያገኘው የተወውን ወንበር ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የተመረቁ ሰዎች የያዙትን ነው።

በአገራችን ሁኔታ ከዚህ በላይ የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ የሠላሳ ዓመት ሰው ደመወዝ የአንድ ሰው ደመወዝ አይደለም። ከፊሉ ለወላጆች መደጎሚያ፣ ከፊሉ ለታናናሾች የትምህርት ወጪ፣ ከፊሉ ለዕቁብና ለዕድር ተከፋፍሎ ያለቀ ገንዘብ ነው። በ22 ዓመቱ ሥልጠና የሚገባ ልጅ ከቤተሰቡ ተቀባይ ስለሆነ መቀበሉን ይቀጥላል። በ34 ዓመቱ የሚገባው ግን ሰጪ የነበረ ሰው ነው፤ የእርሱ ደመወዝ ሲቆም በሌላ ቤት ያለ ሰው ኑሮ ይጓደላል። በጣና ዳር ባለች የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ እናት ልጃቸው «እንደገና ተማሪ ሆነ» ሲባሉ የሚሰማቸው ደስታ ብቻ አይደለም።

ከገንዘቡ ጋር የሚሄድ ሌላ ግዴታም አለ። በቀጣሪ ወጪ የሚሰጥ ሥልጠና በአብዛኛው የአገልግሎት ግዴታ ውል አለው፤ ዋስም ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነው ከዘመድ ወይም ከወዳጅ መካከል ቋሚ ገቢ ያለው ሰው ነው። ሠልጣኙ በሕመም ወይም በፈተና ውድቀት ቢያቋርጥ፣ ወይም ውሉን ቢያፈርስ፣ ጥያቄው ወደ ዋሱም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «የራሴ ውሳኔ ነው» የሚለው አነጋገር በእኛ አገር ሕግም ሆነ ልማድ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።

ሥራው ከተጀመረ በኋላም መሥዋዕትነቱ መልኩን ይቀይራል እንጂ አያልቅም። የአብራሪ ሕይወት በበረራ መርሐ ግብር ይመራል፤ መርሐ ግብሩ ፋሲካንም ሆነ ዒድን አይለይም፣ ለጥምቀት ታቦት ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርድም አይቆምም። በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሰው ወላጆቹ የሚታመሙበት፣ የእኩዮቹ ሰርግና ለቅሶ የሚበዛበት፣ ልጆቹ አባት ወይም እናት የሚፈልጉበት ዘመን ላይ ነው። በለቅሶ ቤት አለመገኘት በእኛ ማኅበረሰብ በይቅርታ ብቻ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም። ወጣቱ ሠልጣኝ ይህን ዘመን የሚደርስበት በሥራው ከተደላደለና ፈቃድ የመጠየቅ አቅም ካገኘ በኋላ ነው፤ ዘግይቶ የገባው ግን በጀማሪነቱ ይገናኘዋል።

5. ከታናሽ መማር

ባሕላችን ዕድሜን ያከብራል፤ ቋንቋችንም «አንተ»ንና «አንቱ»ን ለይቶ ያስቀምጣል። በአብራሪ ክፍል ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉ በዕድሜ ሳይሆን በኃላፊነት ነው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ረዳት አብራሪ የሠላሳ ዓመት ዋና አብራሪ ሊታዘዝ፣ በሃያ ስድስት ዓመት አሠልጣኝም ስሕተቱ በግልጽ ሊነገረው ይችላል። በቀድሞ ሥራው ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው ይህን መቀበል ቀላል አይሆንለትም።

ጉዳዩ የክብር ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደረሱ ከባድ አደጋዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች፣ አንዳንድ ጊዜ ታናሹ አባል አደጋውን አይቶ ታላቁን ለመቃወም በማመንታቱ ሕይወት መጥፋቱን አሳይተዋል። ከእ.ኤ.አ. 1979 ወዲህ የአብራሪዎች የቡድን ሥራ ሥልጠና በዓለም ላይ የተስፋፋው ለዚህ ነው። ሥልጠናው ከታናሹ መናገርን፣ ከታላቁ መስማትን ይጠይቃል። ዘግይቶ የገባው ሰው በዕድሜው ታላቅ፣ በማዕረጉ ታናሽ ስለሆነ ሁለቱንም በአንድነት መማር አለበት፦ አክብሮት ሳያጎድል መቃወምን፣ ክብሩ ሳይነካ መታረምን።

በእርግጥ ዘግይቶ መማር ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በጎጃም የቅኔ ጉባኤያት፣ በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከልጅ እግር ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው ሲማሩ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ቤቱን ትቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ምግቡን ለምኖ ዓመታት ያሳልፋል፤ ማኅበረሰቡም የሚያውቀውን ዓይነት መሥዋዕትነት ስለሆነ ይደግፈዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የቅኔ ተማሪውን መንደሩ በቁራሽ እንጀራ ይሸከመዋል፤ ለአብራሪነት ሠልጣኙ ግን እንዲህ ያለ የጋራ መሸከሚያ ስለሌለው ሸክሙ በአንድ ቤት ላይ ይወድቃል።

6. አካልና አእምሮ

የንግድ በረራ የሚያከናውን አብራሪ አንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ምርመራው ዓይንን፣ ጆሮን፣ ልብን፣ የነርቭንና የአእምሮን ጤና ያጠቃልላል፤ በመደበኛነት በየ12 ወሩ፣ ከ60 ዓመት በኋላ በየ6 ወሩ ይታደሳል። ስለዚህ አብራሪው ሙያውን በየዓመቱ በሐኪም ፊት ያስይዛል ማለት ይቻላል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም ከዕድሜ ጋር እየጨመሩ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ ዘግይቶ የገባ ሰው ወጪውን ሳይመልስ ፈቃዱን የማጣት ዕድሉ ከወጣቱ ይበልጣል። የዕለት ተዕለት ልማድም ይለወጣል፦ ያለ ሐኪም ፈቃድ ለጉንፋን መድኃኒት መውሰድ፣ እንቅልፍ ሳይጠግቡ መብረር፣ በረኀብና በውኃ ጥም ደክሞ መሪ መያዝ አይፈቀድም። አጥብቆ ለሚጾም ሰው የመጨረሻው ነጥብ ከንስሐ አባቱ ጋር የሚመካከርበት ጉዳይ ይሆናል።

ስለ አእምሮ የሚነገረው ግን ከተለምዶው ፍርሃት የተሻለ ነው። ቴይለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ 118 አብራሪዎችን በበረራ ሲሙሌተር ለሦስት ዓመት ተከታትሏል። በዕድሜ የገፉት መጀመሪያ ላይ ዝቅ ያለ ውጤት ቢያሳዩም፣ ከፍ ያለ የአብራሪነት ብቃት ደረጃ ያላቸው አብራሪዎች ችሎታቸውን የተሻለ ጠብቀው ተገኝተዋል። ውጤቱ ለዘግይቶ ጀማሪ ሁለት ገጽታ አለው። ልምድ ዕድሜን የሚያካክስ መሆኑ ያበረታታል፤ ነገር ግን የሚያካክሰው በሌላ ሙያ የተገኘ ልምድ ሳይሆን በበረራ የተገኘ ነው። የሠላሳ አምስት ዓመቱ ጀማሪ ይህ ገና የለውም።

አዲሱ ዕውቀት በክፍል ከተማሩት ጋር መመሳሰሉም ያታልላል። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ፣ በተለይም በሞቃት ቀትር፣ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተር ኃይልና የክንፍ ተሸካሚነት ይቀንሳል፤ ለመነሣትም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልጋል። መሐንዲሱ ይህን በቀመር ያውቀዋል፤ እጁና ዓይኑ ግን አያውቁትም። የእጅ ዕውቀት በድግግሞሽ እንጂ በዲግሪ አይገኝም።

ይህ ዕውቀት የሚፈተንበትን ጊዜ ባሕር ዳር ታስታውሳለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ማረፊያ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሞተሮቹ ርግቦቹን ስለሳቡ፣ ለመመለስ ሲሞክር ኃይሉን አጥቶ ያለ ጎማ ለማረፍ ተገደደ፤ በእሳትም ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። አብራሪነትን የሚመርጥ ሰው እንዲህ ላሉ ጥቂት ደቂቃዎች ዕድሜውን ሙሉ ይዘጋጃል። ከቤት የሚጠብቀው ቤተሰብም ስጋቱን አብሮ ይኖረዋል፤ ወጣት ሠልጣኝ ለወላጆቹ፣ የቤተሰብ ኃላፊ የሆነው ደግሞ ለልጆቹ ስጋት ነው።

7. ከእኛ በፊት የከፈሉት

ዘግይቶ ጀማሪነት የዘመናችን ክስተት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ቤሲ ኮልማን በቺካጎ ጥፍር በማስዋብ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። የአገራቸው የበረራ ትምህርት ቤቶች በቆዳ ቀለማቸውና በጾታቸው ምክንያት ስላልተቀበሏቸው ፈረንሳይኛ ተምረው ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1921 በ29 ዓመታቸው ፈቃድ አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ በበረራ አደጋ ሞቱ።

ለእኛ ቅርብ የሆኑት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በመኪና ጥገና ሙያ የተመረቁ ነበሩ። የቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት በተማሪነት ስላልተቀበላቸው በዚያው ተቋም የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ትምህርቱን ከክፍሉ ጥግ ተከታተሉ። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገልግለዋል፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥነዋል፤ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ላይ ሕይወታቸው አልፏል። በዚያው በወረራው ዋዜማ በረራ መማር የጀመሩት ወይዘሮ ሙሉ እመቤት እምሩ ደግሞ ጦርነቱ ሥልጠናቸውን አቋርጦባቸዋል።

ሦስቱን ታሪኮች የሚያገናኛቸው ጽናት ብቻ አይደለም። ሦስቱም መዘግየት ወይም መቋረጥ የገጠማቸው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በር ስለተዘጋባቸው ነው። ዛሬ በጣና ዳር ላለ ተማሪ በሩን የሚዘጋው የቆዳ ቀለም ወይም ወረራ አይደለም፤ በአብዛኛው መረጃ በወቅቱ አለመድረሱ ነው።

8. ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ የቀረበው ትንተና ዘግይቶ መጀመር ስሕተት ነው ወደሚል ድምዳሜ አያደርስም። የሚያደርሰው፣ ውሳኔው የአንድ ሰው ሕልም ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም ወደሚል ነው። ይህን መንገድ የሚያስብ ሰው እርምጃዎቹን በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢወስድ ጉዳቱ ይቀንሳል። በመጀመሪያ፣ ሥራ ከመልቀቅና ገንዘብ ከመክፈል በፊት የአንደኛ ደረጃውን የሕክምና ምርመራ ማድረግ፤ ብዙ ዓመት ሊያባክን የሚችለው መልስ በጥቂት ቀናት የሚገኘው እዚህ ነው። ቀጥሎ፣ የ60ውንም የ65ቱንም ጣሪያ ወስዶ የራሱን የዕድሜ ስሌት በወረቀት መሥራትና በ200 እና በ1,500 ሰዓት መካከል ያለውን ክፍተት በምን እንደሚሞላው መጻፍ። በመጨረሻም ስሌቱን ለትዳር ጓደኛው፣ ለወላጆቹና ዋስ ለሚሆነው ሰው በግልጽ ማሳየት፤ ከፋዮቹ እነርሱም ናቸውና። ውጤቱ ካላጠገበው የአውሮፕላን ጥገና ምሕንድስና፣ የአየር ትራፊክ ቍጥጥርና የበረራ ማስተባበር የቀድሞ ዲግሪን ሳይጥሉ ወደ ዘርፉ ሊያስገቡ የሚችሉ ሙያዎች ናቸው።

ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አላቸው። የአብራሪነት መሥፈርት፣ የሕክምናው ዓይነትና የዕድሜ ጣሪያው በአንደኛ ዓመት የሙያ ምክር ወቅት ቢነገር፣ ተማሪው በ28 ዓመቱ የሚያነበውን ማስታወቂያ በ19 ዓመቱ ያውቀዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው በየዓመቱ የጥቂት ሰዓታት ገለጻ ነው፤ ባለመደረጉ ግን ከአንድ ሰው የዋና አብራሪነት ዘመን 12 ዓመት፣ ከአንድ ቤተሰብም የዓመታት ድጎማ ሊታጣ እንደሚችል ከላይ ያለው ስሌት ያሳያል።